ሳንባዬና የአማቴ ዶሮዎች

ደባርቅ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ለጥየቃ ሄጄ ከአልጋዋ ራስጌ ዶሮዎች ሰፍረው ስላየሁ ነው። ከበሩ አልፌ መግባት አቃተኝ። እሷ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ የደረሰብኝን ስነግራት ግን ሳቋን ተወችና «ለምን አትጽፊውም? እንዳንቺ የሆነ ስንት ሰው ይኖራል» አለችኝ። እነሆ ጻፍኩት።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ደሴ አናጺ ነው። ሁለት ክፍል ያላት፣ ቆርቆሮ የለበሰች የጭቃ ቤት ሠርቶልን፣ ሁለት ልጆች ወልደን እንኖር ነበር። ከቤቱ ጀርባ ሰፋ ያለ ጓሮ ቢኖረንም አረም ብቻ ነበር የሚበቅልበት። የደሴ እናት እቴቴ ዘርፌ ባላቸው ሲሞቱ ከጃናሞራ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ይዘው የመጡት ጥቂት ልብስ፣ የነጭ ሽንኩርት ዘርና አምስት ዶሮዎች ነበር።

በዓመቱ ያ ጓሮ ሌላ ጓሮ ሆነ። ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት በየመደቡ ተተከለ። ድንች መቼ እንደሚኮተኮት፣ የጎመን ችግኝ ከውርጭ በምን እንደሚሸፈን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አምስቱ ዶሮዎች አሥራ ስምንት ደረሱ። ልጆቼ እንቁላል ሳይበሉ ከቤት የወጡበት ቀን አልነበረም። እቴቴ ሁለት ልጅ ወልጄ እንኳ «ሙሽራዬ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ጊዜ በወጡ ጨው፣ በልጆቹ አስተዳደግ እንነካካ ነበር። ቢሆንም ቤታችን ጠግቦ የሚያድር ቤት ነበር።

የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውጭ ያደረ ዶሮ ወይ ብርዱ ይጨርሰዋል፣ ወይ ሸለምጥማጥ ይበላዋል። ስለዚህ ደሴ ከመኝታ ክፍላችን ጥግ በጣውላ ከልሎ ቆጥ ሠራላቸው። ጣውላው ጣሪያው ድረስ ስለማይዘልቅ ከእነሱ ጋር አንድ አየር ነበር የምንተነፍሰው። እቴቴና ልጆቹ የሚተኙት በፊተኛው ክፍል ነው። የእቴቴ ወገብ ጎንበስ ማለት ስለማይችል በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ኩሱን የምጠርገው፣ ደረቁን ጭድ አራግፌ በጆንያ ወደ ጎመኑ የምወስደው እኔ ነበርኩ።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ጉንፋን ነው የመሰለኝ። ጠዋት ደህና ሆኜ እወጣለሁ፤ እኩለ ቀን አካባቢ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ከዚያ ትኩሳት፣ መገጣጠሚያ መቆርጠም፣ ደረቅ ሳል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ «አንብቡ» እልና ወንበር እይዛለሁ። ማታ ይቀለኛል። በማግስቱ ያው ነው።

ክሊኒክ ሄድኩ። ደሜ ታየና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» ተባልኩ። በዚያን ጊዜ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ከሁለቱ አንዱ ሳይገኝበት የሚወጣ አይመስለኝም። ክኒን ተሰጠኝ፤ የሳምንት ፈቃድ ወስጄ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ዋልኩ። ዳንኩ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ግን ተመለሰብኝ። እንደገና ክሊኒክ፣ እንደገና ክኒን። አንድ ሦስት ጊዜ እንዲህ ተመላለስኩ።

ሰውነቴ አለቀ። ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አስጠበብኩት። በዚያ ዘመን ድንገት የከሳች ሴት ምን እንደምትባል ሁላችንም እናውቃለን። መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። አንድ ቀን ደሴ መዶሻውን በእጁ እያገላበጠ፣ ፊቴን ሳያይ «ለምን አብረን አንመረመርም?» አለኝ። ሄድን። ውጤቱን ስንጠብቅ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጄን ያዘኝ። ከሠርጋችን ወዲህ ሰው እያየ እጄን ይዞ አያውቅም። ሁለታችንም ነፃ ነበርን። ከግቢው እስክንወጣ እጄን አለቀቀኝም።

ከዚያ ጎንደር ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ራጅ ተነሳሁ። ሳንባዬ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ታየ። አክታዬ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ «ቢሆንም ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ተባልኩና የስምንት ወር መድኃኒት ተጻፈልኝ። በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ በነርሷ ፊት መዋጥ ነበረብኝ። የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ፀሐይ አይደርስበትም። አፋችንን በጋቢና በነጠላ ሸፍነን፣ እርስ በርስ ሳንተያይ ተራ እንጠብቃለን። ነርሷ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ክኒኑን በቀዝቃዛ ውኃ እንዳልውጥ ብላ ከገዛ ፔርሙዟ ሞቅ ያለ ውኃ ትቀዳልኝ ነበር። «አይዞሽ መምህርት፣ ዛሬም አንድ ቀን ተቀነሰ» ትለኛለች። ያን ያህል ቃል ለታመመ ሰው ስንቅ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ቤት ነው። እንዳላስተላልፍ ኩባያዬና ሳህኔ ተለየ። ትንሿ ልጄ ማህሌት አራት ዓመቷ ነበር፤ እንዳትጠጋኝ ተከለከለች። ከአያቷ ጋር ስለምትተኛ ማታ ማታ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር ላይ ቆማ «እማዬ፣ ሳልሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኛለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርና እሷ እስክትሄድ ሳሌን አፍኜ እቆያለሁ።

አራት ወር ዋጥኩ። አልተሻለኝም፤ ይባስ ብሎ በር ድረስ መራመድ አደከመኝ። ከጓሮው ጎመን ቆርጬ ስመለስ ሁለት ጊዜ እቀመጣለሁ። ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ሰጠኝ፤ ደሴም በበቅሎ ጫነኝና ከከተማው ራቅ ወዳለ ጸበል ወሰደኝ። ለደብሩ አባት ነርሷ ቆጥራ የሰጠችኝን ክኒን አሳይቼ «ላቁመው ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፤ ዋጪው ልጄ» አሉኝ። ሃያ አንድ ቀን ተጠመቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ተወኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያለ ምርኩዝ ወደ ጸበሉ ወርጄ ያለ ምርኩዝ ወጣሁ። ደሴ ሊወስደኝ ሲመጣ ዓይኑን ማመን አቃተው። ግማሹን መንገድ በእግሬ ተጓዝኩ።

ቤት ስንደርስ እቴቴ እልል አሉ። የቆየውን ጭድ ሁሉ በማግስቱ ጠዋት ጠራርጌ አወጣሁ፤ ድኜ የለ፣ ሥራ አማረኝ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ያ ብርድ መጣ።

በዚህ ጊዜ ነው ቤታችን የተናጋው። ደሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግራ ገብቶት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከአልጋዬ ጠርዝ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከእናቴ ጋር ተጣልታችኋል?» አለኝ።

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ከቤት ስትወጪ ትድኛለሽ፤ እሷ ወዳለችበት ስትመለሺ ትወድቂያለሽ። እኔ ምን ብዬ ልረዳው?»

እኔም ራሴን እንደዚያው እየጠየቅኩ ነበር። ያ የጨው ነገር፣ ያ የልጅ አስተዳደግ ነገር ሳላውቀው በውስጤ ቂም ሆኖ ይሆን? ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። አባ አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ቂም ልብን ያደክማል እንጂ በሰዓት እየቆጠረ ትኩሳት አያመጣም። እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ ፈልጊ» አሉኝ።

ደሴ ግን ለእናቱ በአቅራቢያችን ክፍል ሊከራይ ወሰነ። ሲነግረኝ እቴቴ በረንዳው ላይ ድንች እየላጡ ነበር፤ ሰምተዋል። እሱ ለሥራ አዲ አርቃይ በሄደ ማግስት ጓሮ ስወጣ፣ ያ ወገባቸው እያመማቸው፣ ገና ያልደረሰውን ነጭ ሽንኩርት እየነቀሉ አገኘኋቸው።

«እቴቴ፣ ምን እያደረጉ ነው? አልደረሰም እኮ!»

«የደረሰውን ያህል ለዘር ልያዝ። ወደ አገሬ ልመለስ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔ ስኖር የምትታመሚ ከሆነ፣ እኔ ልሂድ። እነዚህ ልጆች እናት ያስፈልጋቸዋል። እኔ ዕድሜዬን ኖሬያለሁ።»

እግራቸው ሥር አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ እንኳ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ሳልኩ እንጂ አላለቀስኩም። እጃቸው ላይ ያለውን አፈር በቀሚሳቸው ጠረጉና ጀርባዬን ደገፉኝ። ሳሉ ሲያቆምልኝ «አይሂዱብኝ» አልኳቸው። «እንግዲያውስ መጀመሪያ ጎንደር እኔው ራሴ ልውሰድሽ። ትልቁ ሆስፒታል እንሂድ። እዚያ ካልሆነ ያን ጊዜ እሄዳለሁ» አሉ።

ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥተን ሄድን። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ተራ ጠበቅን። ወንበር አልነበረም፤ አንድ ከበየዳ ሚስቱን ይዞ የመጣ ገበሬ ጋቢውን መሬት ላይ አንጥፎ አስቀመጠኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ስምንት ሰዓት አካባቢ ተጠራን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ እሱ ራሱ ጉንፋን ይዞት መሐረቡን የማይለቅ። ራጆቼን ብርሃን ላይ ደጋግሞ አየ። ከታይፎይዱ እስከ ጸበሉ ያለውን ሁሉ አስነገረኝ፤ ጀርባዬን ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

«ትኩሳቱ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምርሽ?»

«እኩለ ቀን አካባቢ።»

«ከዚያ በፊት፣ ጠዋት ምን ስትሠሪ ትቆያለሽ?»

«ልጆቼን አበላለሁ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት...»

እቴቴ አላስጨረሱኝም። እንዳይንቀኝ ፈርተው ይመስለኛል፣ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉና «እሷማ ባለሙያ ናት ዶክተር!» አሉ። «እንዲህ ታማ እንኳ አንድ ቀን የዶሮዎቼን ቆጥ ሳትጠርግ ወጥታ አታውቅም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ቆጡ የት ነው እናቴ?»

«እዚያው ቤት ውስጥ ነዋ! በዚያ ብርድ ውጭ ላሳድራቸው? ከእሷ መኝታ ጎን ሞቅ ብሏቸው ያድራሉ። አሥራ ስምንት ናቸው። የሚጥሉትን እንቁላል ቢያዩ!»

«ስትጠርጊ ይቦናል?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

«አዎ፣ ደረቅ ስለሆነ ይቦናል። ጭዱንም አራግፈዋለሁ።»

«ጸበል በነበርሽበት ቦታ ዶሮ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታይፎይድ ተብለሽ ፈቃድ በወጣሽባቸው ቀናትስ ማን ነበር የሚጠርገው?»

«እኔ ነኛ» አሉ እቴቴ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከእኔ በፊት እሳቸው ገባቸው።

ሐኪሙ በእርጋታ አስረዳን። ከዶሮ ኩስና ላባ፣ ከሻገተም ጭድ የሚነሳ ብናኝ አለ። አብዛኛውን ሰው ምንም አያደርገውም። የአንዳንድ ሰው ሳንባ ግን እንደ ጠላት ይቆጥረውና በተነፈሰው ቁጥር ይቆጣል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ትኩሳትና ሳል ይመጣል። ሲደጋገም ሳንባው ራሱ እየደደረ ይሄድና መተንፈስ ያቅታል። ረጅም የእንግሊዝኛ ስም ነገረኝ፤ «በአማርኛ የዶሮ አርቢ ሳንባ እንበለው» አለ። ከዚያ ራጁን ይዞ ወጥቶ ከአንድ አንጋፋ ሐኪም ጋር ተማክሮ ተመለሰ። የቲቢው መድኃኒት እንዲቆም ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ ጻፈ፤ ቀስ በቀስ እየቀነስኩ የምወስደው ሌላ ክኒን አዘዘልኝ። «ዋናው መድኃኒት ግን ይኼ አይደለም» አለኝ። «ዶሮዎቹ ካሉበት ቤት እንዳትገቢ። ቤቱ በደንብ ይጽዳ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልይሽ፤ ልክ መሆናችንን ያን ጊዜ እናውቃለን።»

«ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«ልጄን አቅፌ መተኛት እችላለሁ?»

«ዛሬውኑ» አለኝ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እቴቴ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «እኔ ነኝ እንግዲህ ያሳመምኳት» አሉ። ሐኪሙ ተነስቶ አጠገባቸው ቆመ። «አይደለም እናቴ። እርስዎ ባይናገሩ እኔም አላገኘውም ነበር።»

ከእቴቴ ጋር በአውቶቡስ ተመለስን። ከዳባት አልፈን ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ ነጠላቸውን በእኔ ላይ ደረቡና «ነገ ገበያ ነው» አሉ።

የዚያን ዕለት ቤቴ እንድገባ አልፈቀዱልኝም። ከማህሌት ጋር ጎረቤት ተኛሁ። ልጅቱ አንገቴ ሥር ገብታ እስከ ጠዋት አልተላቀቀችኝም። በማግስቱ እቴቴ ዶሮዎቹን እግራቸውን አስረው ገበያ ወሰዱ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ለዘር እንኳ አንድ ቄብ አላስቀሩም። ከዚያ የጎረቤት ሴቶችን ጠርተው፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው እንዳይቦን ኩሱን በውኃ እያራሱ ቆጡን አፈረሱ፤ ጣውላውን አወጡ፤ ግድግዳውን ፍቀው እንደገና በጭቃ መረጉ፤ በኖራ ቀቡ። ያ ጎንበስ የማይለው ወገብ እንዴት እንደቻለ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ከጎረቤት ግቢ ሆኜ በአጥሩ ላይ አያቸው ነበር። ልረዳ ስጠጋ «ወደዚያ! ወደዚያ!» እያሉ በእጃቸው ያባርሩኛል።

ደሴ ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ነጭ የሆነ ክፍል አገኘ።

«እማዬ፣ ዶሮዎቹስ?»

«አንተ እኔን ልታስወጣ ነበር» አሉት። «ለካ መውጣት የነበረባቸው እነሱ ናቸው።»

ሐኪሙ ያለንን ስነግረው ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። እኔም እሱም እሳቸውም ያን ቀን ይቅር ተባባልን።

በሦስት ሳምንቴ ጎንደር ስመለስ ትኩሳቱ ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙ ጀርባዬን አዳምጦ ፈገግ አለ። ቢሆንም አንድ ቀን ላይ ዳንኩ ብል ውሸት ነው። ክኒኑ ያስርበኝ ነበር፤ ፊቴ አበጠ፤ ካሮትና ድንች ከጓሮ እየነቀልኩ ስበላ ዋልኩ። በሁለተኛው ወር ጎመን ቆርጬ ሳልቀመጥ ተመለስኩ። በአራተኛው ወር ክፍል ገብቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ ገጽ ሙሉ አነበብኩ፤ ተማሪዎቹ ለምን እንደማለቅስ አልገባቸውም። ሳንባዬ ሥር ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል፤ ዳገት ላይ አሁንም ከሰው ዘግይቼ ነው የምደርሰው። ደሴ ከግቢው ጥግ ለዶሮ ቤት ሊሠራ ሲነሳ ሐኪሙ ለእኔ እንደማይሆን ነገረን። አሁን ለጓሮው የምንጠቀመው የበሰበሰ ቅጠልና እበት ነው። ለጎረቤታችን ጎመን እንሰጣለን፣ እሷ እንቁላል ትሰጠናለች። እንቁላሉ ምንም አላደረገኝም።

ዶሮ አታርቡ እያልኩ አይደለም። ዶሮና ጓሮ ብዙ ቤት ያቆማል፤ የእኔንም አቁሟል። ከመኝታችሁ ግን አርቋቸው። ስትጠርጉ አፋችሁን ሸፍኑ፤ ኩሱን ውኃ ረጭታችሁ ጥረጉ። ከቤት ስትርቁ የሚሻላችሁ፣ ስትመለሱ የሚብስባችሁ ሕመም ካለ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት፤ እሱ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። የቲቢ መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ እኔን አይታችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ የእኔን ያቆመው ሐኪም ነው።

ያችን የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ያን ጉንፋን የያዘው ሐኪም፣ ክፍለ ጊዜዬን ሸፍነው ያስተማሩልኝን ባልደረቦቼን፣ ጋቢውን ያነጠፈልኝን የበየዳ ሰው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከዳንኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ተማሪዎቻችንን ይዘን የሰሜን ተራሮችን ለማሳየት በእግር ወጣን። ከኋላ ከኋላ እያዘገምኩ፣ እያረፍኩ፣ ገደሉ ጫፍ ድረስ ደረስኩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲግጡ፣ ልጆቹ ሲጮኹ፣ ቀዝቃዛውን አየር እስኪበቃኝ ሳብኩት። ቤት ስደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። እቴቴ ሙቅ ውኃ በሳፋ አዘጋጅተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«እግርሽን አምጪ» አሉኝ።

«ኧረ እቴቴ፣ ነውር ነው! እኔ ነኝ እንጂ የእርስዎን የማጥበው...»

«ዝም በይ። አምጪ አልኩሽ።»

ጫማዬን ራሳቸው ፈቱት። እግሬን ውኃው ውስጥ ከተው፣ የመንገዱን አቧራ በመዳፋቸው ቀስ እያሉ አጠቡት። ከዚያ ቀና ብለው ደረቴን አዩ፤ ሲነሳና ሲወርድ ጥቂት ተመለከቱት።

«ደከመሽ?»

«አልደከመኝም።»

«ተመስገን» አሉ፤ ሌላኛውን እግሬንም ያዙ።